ቅቤ የጠጣው አደራ

ዕቃ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ያ ሰው ዕድሜውን ሁሉ የራሱን ዕቃ ብቻ ሲያስቀምጥ የኖረ ነው። የራስ ዕቃ ቢጠፋ ይፈለጋል፤ ቢሰበር ይጣላል፤ አይጥ ቢበላው አይጧን ረግሞ መተው ነው። የሰው ዕቃ ግን ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ ተቀምጦ ያያችኋል። እኔን አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያየኝ ከርሟል። ማጋነኔ አይደለም፤ የመስተዋት ዓይን ነበረው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ የእስቴ ሰው ነኝ። መካነ ኢየሱስ ጥቂት ተምሬ፣ ጽሕፈቴ አማረ ተባለና በጸሐፊነት ስማዳ ተላክሁ። ስለ ጽሕፈቴ ማማር ራሴ መስክሬ አልጠግብም ነበር፤ አንዳንድ ቀን የጻፍሁትን ደብዳቤ ለባለጉዳዩ ከምሰጥ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ባየው እመርጥ ነበር። የጻፉትን መፈጸም ግን ሌላ ሙያ ነው። እሱን ሲያስተምሩ እኔ ፊደሌን ሳሳምር አምልጦኛል።

ስማዳ የምኖረው እማማ አንጓች ግቢ ተጠግቼ ነበር። እማማ አንጓች ባለቤታቸው ከሞቱ የቆዩ፣ ቤታቸው ጠብታ የማያስገባ፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሴት ነበሩ። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ታደገ የሚባል። ከስምንት ዓመት በፊት በሬ ሊገዛ ወሎ ተሻገረ፤ ሲመለስ ለመስቀል እናቱ ቤት ለመድረስ ቸኮለና የበሽሎ ወንዝ ገና ሳይጎድል በመሻገሪያው ገባ። በሬው ወጣ። እሱ አልወጣም። እማማ በሬውን ዓይኑን ማየት ስላልቻሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት።

ፍትሐቱ ተፈታ፣ ተዝካሩም ወጣ። ነገር ግን ሬሳው ስላልተገኘ፣ በባለቤታቸው መቃብር አጠገብ ለልጃቸው ብለው በድንጋይ ያስከለሏት መሬት ባዶዋን ቀረች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዚያች ባዶ መሬት ላይ የበቀለውን ሣር ይነቅላሉ። አንድ ቀን ላግዝዎ ብላቸው፣ «ተወው፤ ይህ የኔ እርሻ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋቸውም።

በዚያ ዓመት በበሽሎ ላይ ድልድይ ሊሠራ ነው ተባለና አጥኚዎች መጡ። ከነሱ ጋር ኢድሪስ የሚባል አንድ የምጽዋ ሰው ነበር። ሥራው የጎማ ልብስ ለብሶ፣ ነፋስ የተሞላ ብረት በጀርባው አዝሎ፣ ውኃው ሥር ወርዶ ዓለቱ የት እንዳለ መዳሰስ ነው። ሰኔ ገብቶ ወንዙ ሲደፈርስና ሲሞላ ሥራው እስከ ኅዳር ቆመ። አጥኚዎቹ መሣሪያቸውን በበቅሎ ጭነው ጭቃው ሳይብስ ወደ ንፋስ መውጫ ወጡ። የኢድሪስ ዕቃ ግን ከበቅሎዎቹ ጭነት ተረፈ። የምሠራበት ቤት ጣራ ደግሞ ወንፊት ነበር፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር የምጽፈው ከጠረጴዛው በታች ገብቼ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀኝ ብድግ ብዬ፣ «እማማ አንጓች ቤት ይቀመጥ፤ ኃላፊው እኔ ነኝ» አልሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ዕቃው ሲራገፍ ጎረቤት ሁሉ ሊያይ ወጣ። ከሰው ሁሉ ፊት የቆሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጎረቤታችን አያ ካሴ ነው፤ ጎበዝ ገበሬ ነው፣ የማያውቀውን ነገር ሲናገር ደግሞ ከሚያውቀው ይበልጥ ድምፁ ይጎላል። ሁለተኛው የእማማ አንጓች የነፍስ አባት መሪጌታ ጽጌ ናቸው፤ ጋይንት ቤተ ልሔም ገብተው ድጓ ያስመሰከሩ፣ ቅስናም ያላቸው ሊቅ።

«ይህ ብረት ምንድን ነው?» አለ አያ ካሴ።

«ቦምቦላ ይባላል። ውስጡ ነፋስ ነው» አለ ኢድሪስ።

አያ ካሴ ወደ ሰማይ አየ፤ ወደ ብረቱ አየ። «እኛን የጋይንት ነፋስ ጣራችንን ሲነቅል ይኖራል፤ እናንተ ደግሞ ከምጽዋ ነፋስ በበቅሎ ጭናችሁ አመጣችሁልን?»

መሪጌታ በበኩላቸው አንድ መቀነት አንስተው ክብደቱ እጃቸውን ጎተተው። የእርሳስ መቀነት ነበር። «ይህስ?»

«ለመስመጥ ነው አባቴ። ያለሱ ውኃው ያንሳፍፋል።»

«እኛ ለመስመጥ ኃጢአታችን ይበቃናል» አሉና ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡት።

እማማ አንጓች በዚህ ሁሉ መካከል የጎማውን ልብስ እጅጌ በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆመው ነበር። ሰዉ ሲበተን ወደ ኢድሪስ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ይህን ለብሶ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው፣ ታች ያለውን ያያል?»

«ውኃው ሲጠራ ያያል እናቴ።»

«መሻገሪያው ጥልቁ ጋ... ልጄ አለ። ስምንት ዓመቱ። ዐፅሙን፣ ካጣህም የማተቡን መስቀል...» አልጨረሱትም።

ኢድሪስ ራሱን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ አገኛለሁ ብዬ አልምልም። ግን ውኃው ሲጎድል፣ ይህ ልብስና ይህ ቱቦ ደኅና ከከረሙ፣ ኢንሻአላህ፣ ከሥራዬ ሁሉ በፊት ለእርስዎ እወርዳለሁ።»

«ደኅና ይከርማል» አሉ እማማ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚባለውን ተረት ከዚያ ቀን በፊት ለጌጥ ስጽፈው ኖሬ ነበር፤ ያን ቀን ትርጉሙን በፊታቸው ላይ አየሁት።

ኢድሪስ ከመሄዱ በፊት የአጠባበቁን ሥርዓት ነገረኝ፤ እኔም በዚያ በታወቀው ጽሕፈቴ ጻፍሁት። አንደኛ፣ ልብሱ በሰፊ እንጨት ላይ ይሰቀል፤ አይታጠፍ። ሁለተኛ፣ ፀሐይና እሳት፣ ጭስም አያግኘው። ሦስተኛ፣ ቅቤም ሆነ ዘይት፣ ማንኛውም ቅባት ጎማውን አይንካው። ቢሻግት በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በጥላ ይድረቅ። አራተኛ፣ ቦምቦላው ከምሰሶ ጋር እንደ ታሰረ ቆሞ ይክረም፤ አፉ አይከፈት። አምስተኛ፣ አይጥ።

ጽፌ ስጨርስ ከግርጌው ፈረምሁ፤ ማኅተምም አልቀረኝም። ኢድሪስ፣ «ለእናታችን አንብብላቸው» ብሎኝ በቅሎው ላይ ወጣ። እኔም ወረቀቱን አጥፌ በዳዊቴ ውስጥ ከተትሁት። ለምን እንዳላነበብሁት እውነቱን ልናገር። ወረቀት ከተነበበ ሁሉም ሰው አዋቂ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን አዋቂ መሆን ለምዶብኝ ነበር። እማማ የሚያደርጉት ሲጨንቃቸው ወደኔ ይመጣሉ፤ እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ እናገራለሁ፤ ሐሳቤ ይኸው ነበር።

ሐምሌ ገባ። የስማዳን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጨው ያለቅሳል፣ ጫማ ያብባል። ሐምሌ አልቆ ነሐሴ በባተ ጧት እማማ ጠሩኝ። የጎማው ልብስ ትከሻው ላይ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። ፊታቸው ከሻጋታው ይልቅ ነጥቶ ነበር።

«ሊበላሽብኝ ነው ልጄ። ምን እናድርግ?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በዚህ መሃል ግን አያ ካሴ ደረሰ፤ እሱ ጉሮሮውን መጥረግ አያስፈልገውም።

«ምን ጭንቅ አለው?» አለ። «ቆዳ እኮ ነው! እርሻ ሲያልቅ የቀንበር ምራንና ጠፍር እንዴት ይከርማል? መጫኛስ? ቅቤ ጠጥቶ፣ ጭስ ሞቆ ነዋ! ያልተቀባ ጠፍር መስከረም ሲጠባ እንጨት ነው፤ ጎንበስ ብታደርገው ይሰበራል። ይኸውላችሁ የኔ መጫኛ፣ አባቴ የሰጠኝ ነው፤ እስከ ዛሬ እንደ ሐር ነው።»

እማማ ወደኔ ዞሩ። «ጸሐፊ፣ አንተ ምን ትላለህ? ኢድሪስ የነገረህ ነገር የለም?»

ሦስተኛው ቁጥር፣ በራሴ እጅ የተጻፈው፣ በዓይኔ ላይ ቆመ። እንዲያውም «ቅባት» የምትለዋ ቃል ላይ «ቅ»ን እንዴት አድርጌ እንዳሳመርኋት ትዝ አለኝ። ነገር ግን በሆዴ፣ «የምጽዋ ሰው ጨውና አሸዋ እንጂ የስማዳን ርጥበት ምን ያውቃል? ውኃውን ይወቅ፤ ቆዳ መጠበቅ የኛ ነው» አልሁ። ጎማ ከየትኛው እንስሳ እንደሚገፈፍ ራሴን አልጠየቅሁም።

«አያ ካሴ ልክ ነው» አልሁ። እንዲህ ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድሁ። በዕድሜዬ ከተናገርኋቸው ቃላት ሁሉ ብመልሳቸው የምመኛቸው እነዚህ አራቱ ናቸው።

እማማ አንጓች ለዓመት በዓል ያስቀመጡትን የቅቤ ቅል አወረዱ። ጾመ ፍልሰታ ስለገባ ጣታቸውን እንኳ ሳይልሱ፣ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያም መተንፈሻ ቱቦውን እጥፋት በእጥፋት፣ ከዚያም የዳክዬ እግር የመሰለውን መቅዘፊያ፣ አንድ ቅል ቅቤ እስኪያልቅ አሹት። እያሹ ያንጎራጉሩ ነበር። ሕፃን ሲቀባ እንዲህ ነው የሚደረገው። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁና ወረቀቱን አምጥቼ ላንብብላቸው ብዬ አንድ እግሬን አነሣሁ። ደስታቸውን አይቼ እግሬን መለስሁት።

ፊት ላይ የሚታሰረውን የዓይኑን መስተዋት ግን አልቀቡትም። «ዓይን ቅቤ አይቀባም፤ ያለቅሳል» አሉና በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጡት። ይህን ያዙልኝ።

ቅቤው በገባ በሦስተኛው ቀን የስማዳ አይጥ ሁሉ ማኅበር ጠጣ። ጾም የማይይዝ ፍጥረት እሱ ብቻ ነውና ቱቦውን ከሁለት ቦታ ቀደደው። አያ ካሴ የራሱን ድመት አዋሰን። ድመቷ አይጦቹን ሁለት ቀን አባረረች፤ በሦስተኛው ቀን ነገሩ ምን እንደሆነ ገባትና አይጦቹን ትታ እጅጌውን መላስ ያዘች። ልሳ ልሳ ስትሰለች ጡንቻው ላይ ጥርሷን ሞከረች። ድመቷን የሚጠብቅ ውሻ ይምጣ የሚል ሐሳብ ከአያ ካሴ ቀረበ። ያን ጊዜ እምቢ ማለቴ በዚያ ክረምት የሠራሁት ብቸኛ ብልህ ሥራ ነው።

ስለዚህ ልብሱ ከአይጥም ከድመትም ወደ ራቀ ቦታ፣ ማድ ቤት ከምድጃው በላይ ተሰቀለ። ሁለተኛው ቁጥር፣ ጭስ የሚለው፣ እዚህ ላይ አለፈ። ቅቤ የጠጣ ጎማ ጭስ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም፤ ያየሁትን ልንገራችሁ። ይረዝማል። በፍልሰታ መጨረሻ ቁርጭምጭሚቱ የነበረበት ቦታ ጉልበቱ መጣ። በጳጉሜን እግሩ ድስቱን ሊነካ ደረሰ። እማማ በየቀኑ በትዕግሥት ገመዱን ወደ ላይ ያሳጥራሉ። «ጠገበ እኮ» ይሉኛል እየሳቁ፤ «የመጣ ጊዜ እንዴት ደርቆ ነበር! ልጄ ኢድሪስ አይቶ አያምንም።»

አለማመኑ ለኔም ታየኝ። ሌሊቱን ተዉትና፣ ቀን እንኳ ዕረፍት የሌለው ሰው ሆንሁ። ቢያንስ ነፋሱ ደኅና ይሁን ብዬ ወደ ቦምቦላው ሄድሁ። መሪጌታ ጽጌ ጠበል ሊረጩ መጥተው ጓዳው በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«መሪጌታ፣ ነፋስ ይሻግታል?» አልኋቸው።

«በመጽሐፍ አልተጻፈም» አሉ። «ይነፍሳል ነው የሚለው።»

እኔም በትንሹ ላሽተው ብዬ አፉን አዞርሁት። በትንሹ ነው ያዞርሁት፤ መሪጌታ ይመስክሩልኝ። ከብረቱ የወጣው ድምፅ ግን ትንሽ አልነበረም። ከጓዳው ዱቄት ተነሥቶ ቤቱን ጉም ሞላው፤ ዶሮዎቹ በአንድ በር ሦስት ሦስት ሆነው ወጡ፤ የመሪጌታ ጥምጣም ከራሳቸው ተነሥቶ ምሰሶው ላይ ተሰቀለ። እኔ ለመዝጋት ሳዞር ይበልጥ ከፈትሁት። ነፋሱ የልቡን ነግሮን ሲጨርስ ቤቱ እንደ ቤተ መቅደስ ጸጥ አለ።

መሪጌታ በዱቄት ነጭ ሆነው ተነሡ። ጥምጣማቸውን አወረዱ፤ አራገፉ፤ እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉና ወጡ።

አያ ካሴ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ፣ «እኔ ንፋስ መውጫ ጋይንት ያለችው ብቻ መስላኝ ነበር!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ቤታችንን በዚሁ ስም ጠራው።

መስከረም ጠባ፤ መስቀል መጣ። በመስቀል እማማ አንጓች ሁልጊዜ ከቤት አይወጡም ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ወጡ፤ ደመራም አዩ። ሰው ሁሉ ገረመው። እኚህ ሴት ግን ደስ ብሏቸው የሚጠብቁት ነገር ምድጃው ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ተበላሸ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ስንት ጊዜ ልነግራቸው ተነሣሁ! አንድ ቀን እንዲያውም «እማማ» ብዬ ጀመርሁ፤ «አቤት ልጄ» ሲሉኝ፣ «ዛሬ ብርድ ነው» አልሁ። ፈሪ ነበርሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ኅዳር ላይ ኢድሪስ መጣ። እማማ እጁን ይዘው ወደ ማድ ቤት አስገቡት፤ እኔ ከኋላ ተከተልሁ። ልብሱን አውርደው በሁለት እጃቸው አቀረቡለት። ኢድሪስ እጅጌውን ያዘ፤ እጅጌው እጁ ላይ ቀረ። ቱቦውን አነሣ፤ በቀዳዳው ወደኔ አየ። አሸተተው። ሊስቅ ነው ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

«እናቴ፣ ቅቤ ቀቡት?»

«አንድ ቅል ሙሉ» አሉ እማማ። ከዚያ ፊቱን አዩና ፈገግታቸው ቆመ። «አነሰው እንዴ?»

ኢድሪስ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። «ወረቀቱን አላነበብህላቸውም?»

እማማ አንጓችም ወደኔ ዞሩ። «ወረቀት ነበረ?»

ብዙ ተሰድቤ አውቃለሁ፤ አለቃዬ በሰው ፊት ጮኾብኛል። እንዲህ ያለ ነገር ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ደርሶብኝ አያውቅም። ዳዊቴን አምጥቼ ወረቀቱን አወጣሁ፤ ማኅተሙ እንዳማረበት አለ። ሦስተኛውን ቁጥር አነበብሁላቸው። «ይህን አውቅ ነበር እማማ። ሲጠይቁኝም አውቅ ነበር። የቦምቦላውን ነፋስ ያፈሰስሁትም እኔው ነኝ። ጥፋቱ የርስዎም የአያ ካሴም አይደለም» አልሁ።

እማማ ምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ላይ ቁጭ አሉና በቅቤ የወዛውን እጅጌ ጭናቸው ላይ ዘረጉት፤ እያሻሹ ያስተካክሉት ጀመር።

ኢድሪስ «መስተዋቱስ?» አለ።

እማማ ተነሥተው ከሣጥናቸው ነጠላውን አወጡ። መስተዋቱ ሲፈታ እንደ ትናንት ነበር፤ ጎማው ደረቅ፣ ብርጭቆው ንጹሕ። ኢድሪስ ዓይኑ ላይ አድርጎ አወለቀው።

«አባቴ ዳህላክ ላይ ዕንቁ ጠላቂ ነበር» አለ። «ልብስ አልነበረውም፤ ቱቦም አልነበረውም። ድንጋይና ትንፋሽ ብቻ ነበር ያለው። እናቴ፣ ነገ እንውረድ።»

እማማ በበቅሎ፣ እኛ በእግር፣ መሪጌታና አያ ካሴም ሳይጠሩ ተከትለው ወደ በሽሎ ወረድን። ውኃው ጎድሎ ጠርቶ ነበር። ኢድሪስ ወገቡ ላይ የሚያስረው ገመድ አልነበረውም፤ አያ ካሴ ያን የአባቱን መጫኛ አወጣ። ዕድሜ ልኩን ቅቤ የጠጣ፣ ዕድሜ ልኩን ጭስ የሞቀ መጫኛ፣ እንደ ሐር የሚታጠፍ፣ ሁለት በሬ ቢስበው የማይበጠስ። ቅቤ ሥራውን የሚያውቅ ነገር ነው፤ ሥራውን ያላወቅሁት እኔ ነኝ።

ኢድሪስ ድንጋይ ታቅፎ ገባ። አያ ካሴ መጫኛውን ይዞ፣ ያ ጩኸታም ሰው፣ አንድ ቃል አይተነፍስም። እኔ ዳር ቆሜ የራሴን ትንፋሽ አብሬ ያዝሁ፤ አልቆየልኝም። ኢድሪስ ቆየ። ሲወጣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። እጁን ከፈተ፤ አሸዋ ነበር።

«ምንድን ነው ልጄ?» አሉ እማማ።

«ጠላቂ ታች መድረሱን የሚያስመሰክረው በአሸዋ ነው እናቴ። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ዘረጉ፤ አሸዋውን አደረገላቸው። ደግሞ ገባ። ሰባት ጊዜ ገባ፤ ሰባት ጊዜ ወጣ። ከዓለቱ ሥር፣ ከጥልቁ፣ ከታችኛው ጥግ፣ ሰባት ጊዜ አንድ እፍኝ አሸዋ አወጣ። ሌላ ነገር አላገኘም። በስምንተኛው ሊገባ ሲል ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነበር፤ እማማ ክንዱን ያዙት።

«ተው ልጄ፤ ይበቃል።»

«አላገኘሁትም እናቴ።»

«እኔም አውቅ ነበር እኮ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል፤ በሽሎ ያኔውኑ ለዓባይ አስረክቦታል፣ ዓባይም ይዞት ሄዷል።» የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው ቋጠሩ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ነው ያለቀሰልኝ። የወረደለት አልነበረም። ዛሬ አንድ ሰው ወርዶ ፈለገው። ይበቃኛል።»

ጋቢያቸውን አውልቀው ኢድሪስን አለበሱት። ከዚያ እንባቸው መጣ፤ እኛም ለማልቀስ አላፈርንም።

ስንመለስ ያን አሸዋ ይዘው ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ባዶዋ መሬት አጠገብ ቆመው መሪጌታን አዩአቸው። መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ቶሎ አይመልስም።

«ፍትሐት አንድ ጊዜ ተፈትቷል፤ አይደገምም» አሉ። እማማ አንገታቸውን ደፉ። መሪጌታ ግን ቀጠሉ፤ «አፈር ወደ አፈር ሲመለስ ግን ፈቃድ አይጠየቅበትም። ያልብሱት።» አያ ካሴ ጉድጓዱን ቆፈረ፤ እማማ ነጠላቸውን ፈትተው አሸዋውን አፈሰሱ፤ በእጃቸው አስተካከሉት። መሪጌታ መስቀላቸውን አውጥተው አቡነ ዘበሰማያት አሉ። ኢድሪስ ከአጥሩ ውጭ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር።

የድልድዩ ጥናት በዚያ ዓመት አላለቀም። ኢድሪስ አዲስ ልብስና ቱቦ መጣለት፤ እስከ ግንቦት ሠራበት። ሰኔ ሲገባ ዕቃው እንደገና የሚከርምበት ቦታ ተፈለገ። የምሠራበት ቤት ጣራ ታድሷልና «እዚያ ይቀመጥ» አልሁ፤ እውነቱን ለመናገር የእማማን ጓዳ ዓይን ማየት አልቻልሁም ነበር። ኢድሪስ አልመለሰልኝም። በቅሎውን ነድቶ እማማ አንጓች ደጃፍ አቆመ።

«እናቴ፣ ያስቀምጡልኛል?»

እማማ ልብሱን አዩ፤ ቱቦውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«መጀመሪያ ወረቀቱ ይነበብ» አሉ።

ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ አያ ካሴና መሪጌታ እየሰሙ፣ ጮክ ብዬ አነበብሁት። አንደኛውን አነበብሁ፤ እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛውን አነበብሁ፤ ነቀነቁ። ሦስተኛውን ሳነብ እጃቸውን አነሡ።

«እሱን ድገመው።»

ደገምሁት።

«አንድ ጊዜ ደግሞ።»

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። አምስተኛውን ስጨርስ እማማ ወደ ቤት ገብተው የቅቤ ቅላቸውን ይዘው ወጡ። መንገዱን ተሻግረው ለአያ ካሴ ሚስት ሰጧት፤ «እስከ ኅዳር አንቺ ዘንድ ይክረም፤ እለምንሻለሁ፣ ብጠይቅሽም እንዳትሰጪኝ» አሏት።

በዚያ ክረምት እዚያ ቤት ቅቤ አልገባም። እኔም ከሐምሌ እስከ ኅዳር ሽሮዬን ደረቁን በላሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረምሁም።